አራት ቅጽ ልቦለድ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ይወጣል?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ የምንገኝ የአማተር ቴአትር ቡድን ነን። 11 ነን። በአማርኛ የተጻፈ ባለ አራት ቅጽ ምናባዊ ልቦለድ ወደ መድረክ ልናመጣ አስበናል። አራቱ ቅጾች ሲደመሩ 1600 ገጽ አካባቢ ናቸው። ሰባት ነገዶች፣ ሦስት ጦርነቶች፣ ሐይቅ ሥር የሚኖር ዘንዶ አለበት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የነገሥታቱን ዘር በቃሏ የምትቆጥር ወጣት ናት። ዕቅዳችን አራቱንም ቅጽ ጨምቀን በሦስት ሰዓት ማሳየት ነው። ጦርነቱንና ዘንዶውን በፕሮጀክተር፣ የቀረውን ደግሞ በተራኪ እንሸፍናለን። ደራሲው በስልክ ‹ሥሩት› ብሎናል። ለማሳየት የሲዳማ ባህል አዳራሽ ይሻለናል ወይስ ጉዱማሌ ሐይቁ ዳር? የአራቱን ቅጽ አጭር ይዘት አያይዘናል። ልምምድ ሳንጀምር ምን ትመክሩናላችሁ?»

ምላሽ፦

ስለ አዳራሹ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ዕቅዱ ራሱ መቀየር አለበት። አራት ቅጽ በሦስት ሰዓት አይታይም። አቅማችሁን ንቄ አይደለም። ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ ይዘው የገቡበትም እዚሁ ላይ ተቸግረዋል።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ገጽ 250 ቃል ይይዛል ብንል፣ 1600 ገጽ 400,000 ቃል ነው። ተዋናይ ዝምታውና እንቅስቃሴው ተቆጥሮ በደቂቃ 100 ቃል ቢናገር ደህና ፍጥነት ነው። በሦስት ሰዓት 18,000 ቃል ይሆናል። ከመጽሐፉ ከመቶ አምስት እጁን እንኳ አይሞላም። «መጨመቅ» ያላችሁት እንግዲህ ከመቶ ዘጠና አምስቱን መጣል ነው። ይህን ያህል የሚጥል ሰው ምን ልቁረጥ ብሎ ከጀመረ ሲቆርጥ ይከርማል። ምን ላስቀር ብላችሁ ጀምሩ።

በጭመቃ የሚጠፋውም ዝም ብሎ የገጽ ብዛት አይደለም። ድርጊት በአጭሩ ይነገራል። ምክንያት ግን ቦታ ይፈልጋል። ጽሑፍ ሲጨመቅ ሁልጊዜ ድርጊቱ ይቀርና ምክንያቱ ይወድቃል። «ንጉሡ ሞተ፣ ልጁ ነገሠ፣ ደቡቦች ጦር አነሡ፣ ከተማዋ ተከበበች።» ይህ በቀብር ላይ እንደሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሁሉም ነገር ተጠቅሷል፣ ሰውየው ግን የለበትም። መጽሐፉን ያነበበው ተመልካች የሚወደውን ቦታ አጥቶ ይቆጣል። ያላነበበው ደግሞ በስም ብዛት ይደናገርና ስልኩን ያወጣል።

የሌሎችን ልምድ ማየት ይጠቅማል። የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሮንቶ ላይ በሙዚቃዊ ቴአትር መልክ ቀረበ። ሦስቱም ቅጽ በአንድ ምሽት ነበር። ከ25 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ወጣበት፣ ርዝመቱም ከሦስት ሰዓት አለፈ። ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ወረደ። ተከልሶና አጥሮ ለንደን ሄደ፣ እዚያም ከዓመት ብዙም አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ይኸው ሥራ ዋተርሚል በሚባል፣ 200 ሰው ገደማ በሚይዝ የእንግሊዝ ገጠር ቴአትር ቤት ተመልሶ መጣ። 20 ያህል ተዋንያን ራሳቸው መሣሪያ እየተጫወቱ ሠሩት። ታሪኩ የሚከፈትበትን ድግስ የቴአትር ቤቱ አትክልት ቦታ ውስጥ፣ ተመልካቹ መሐል ጀመሩት። በጣም ተወደደ። ከዚህ አንድ ነገር ውሰዱ፤ ታላቅነቱ ከዕቃው አልመጣም። ሌላውን ደግሞ አትርሱ። የእንግሊዝ ተመልካች ታሪኩን ከመጽሐፉም ከፊልሙም ያውቀዋል፤ ክፍተቱን ራሱ ይሞላል። የእናንተ ተመልካች አብዛኛው አራቱን ቅጽ አላነበበም።

ሁለተኛው ምሳሌ የፊሊፕ ፑልማን ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነው። የለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያቀርበው ለሁለት ተውኔት ከፈለው። ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ሰዓት ያህል ናቸው። ግዙፍ የሚሽከረከር መድረክም ነበራቸው። ይህም ሆኖ ጸሐፌ ተውኔቱ ኒኮላስ ራይት ሜሪ ማሎንን አወጣት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላት ሴት ናት። ታሪኩ ውስጥ የነበራትን ዋና ተግባር ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሰጠው። ስድስት ሰዓት ያለው እንዲህ ከቆረጠ፣ ሦስት ሰዓት ያለው መራራት አይችልም።

ለእናንተ የሚቀርበው ግን ሦስተኛው ነው። ስቲቨን ብሪግስ የሚባል እንግሊዛዊ የቴሪ ፕራቸትን ረጅም ተከታታይ ምናባዊ ልቦለድ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንዲት የአማተር ቡድን ወደ ተውኔት ይለውጥ ነበር። ደራሲውን አስፈቅዶ፣ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ተውኔት። እነዚህ ተውኔቶች በኋላ በብዙ አገር ያሉ አማተሮች መድረክ ላይ ወጥተዋል። ዓለሙን ሁሉ በአንድ ምሽት ለማሳየት አልሞከረም። በዚያ ዓለም ውስጥ ያለ አንድ ሙሉ ታሪክ አሳየ።

አሁን ወደ እናንተ መጽሐፍ። የላካችሁትን ይዘት አንብቤዋለሁ። መድረክ ላይ የሚሠራ ታሪክ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አጥብቆ የሚፈልግ ሰው፣ የሚከለክለው ነገር፣ ከዚያ ወዲያ የማይመለስ ውሳኔ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቦታ የተገናኙት ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው፤ የከተማዋ ከበባ። በሩ ተዘግቷል። እህል እያለቀ ነው። ዘር ቆጣሪዋ ዙፋኑ ላይ ያለው ልጅ የንጉሡ ዘር እንዳልሆነ ታውቃለች። ከተናገረች ከበባው ይነሣል፣ ልጁ ግን ይገደላል። ዝም ካለች ሕዝቡ ይራባል። አንድ ከተማ፣ ጥቂት ቀናት፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ምስጢር። ቴአትሩ ይኸው ነው። እናንተ በአጭር ይዘታችሁ ሁለት መስመር ነው የሰጣችሁት፤ የመጀመሪያውን ጦርነት ግን ሙሉ ገጽ። ይህን ገልብጡት።

ምክሬ ቁርጥ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ብቻ፣ እሱንም ከበባውን ብቻ፣ ከ90 ደቂቃ ባልበለጠ፣ ያለ ዕረፍት ሥሩ። 9,000 ቃል አካባቢ ማለት ነው። ቢሳካላችሁ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ቅጽ ራሱን ችሎ ትሠራላችሁ። «ተመልካች ግን ያለፈውን ሳያውቅ እንዴት ይገባዋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይገባዋል። ሰው ቤት ገብተን ቤተሰቡ ሲጣላ ብናገኝ የአሥር ዓመቱን ታሪክ ማንም አይነግረንም፤ ማን ማንን እንደሚፈራ ግን በአምስት ደቂቃ እናውቃለን። ለከበባው የማያስፈልግ የአንደኛው ቅጽ ነገር ሁሉ ለዚህ ተውኔት የለም።

የሚያስፈልገውን ደግሞ መጽሐፉ ራሱ መንገድ ሰጥቷችኋል። ይህቺ ሴት ሥራዋ በቃል መቁጠር ነው። እገሌ እገሌን ወለደ እያለች የነገሥታቱን ሐረግ አደባባይ ላይ ስትቆጥር የሰባቱ ነገዶች ጠብ በሁለት ደቂቃ ይነገራል። ተመልካቹም ትምህርት እየተሰጠው አይመስለውም፤ ምክንያቱም እየቆጠረች አንዱን ስም ልትዘል እንደሆነ ያያል። ያቺ የተዘለለች ስም ውጥረቱን ሁሉ ትሸከማለች። የመክፈቻ ትዕይንታችሁ ይህ ይሁን።

ተራኪን በሚመለከት የምትሉትን ያህል ቀላል አይደለም። ድምፅ ብቻውን ትልቅ መጽሐፍ ሊሸከም እንደሚችል እናውቃለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነበው አገር ቁጭ ብሎ ሰምቷል። ያ ግን ሬዲዮ ነው። አድማጩ በአእምሮው ይሥላል፣ ከፊቱ የቆመ ሰው የለም። መድረክ ላይ ተራኪው «ንግሥቲቱ በጣም አዘነች» ሲል ንግሥቲቱ እዚያው ቆማለች። ወይ እሱ ትርፍ ነው ወይ እሷ። ተራኪ የሚሠራው ለመናገር ምክንያት ሲኖረው ነው። እንግሊዛዊው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1985 የሕንዶችን ጥንታዊ ታሪክ ማሃባራታን ፈረንሳይ፣ አቪኞ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲያሳይ፣ ታሪኩን አንድ ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ይነግረው ነበር። ልጁ የሚሰማው የገዛ ወገኖቹን ታሪክ ነው፤ ማወቅ ይፈልጋል። የእናንተም ዘር ቆጣሪ ለምሳሌ ወደ ፍርድ ቀርባ የምትናገር ከሆነ ትረካው ይሠራል። ወረቀት ይዞ ዳር ላይ የሚቆም ሰው ግን አውጡ።

ፕሮጀክተሩን ተዉት። መጀመሪያ የአሠራሩን ችግር ልንገራችሁ። ምስሉ ጥርት እንዲል መድረኩ ይጨልማል፤ ያኔ የተዋናዩ ፊት ይጠፋል። ፊቱን ስታበሩ ምስሉ ይደበዝዛል። ተዋናይ ወደ ኋላ ከሄደ ጥላው ዘንዶው ላይ ያርፋል። መብራት ከጠፋ ጦርነቱ ይቀራል። ጄኔሬተር ቢኖር እንኳ እስኪነሣ ድረስ ትዕይንቱ ይሞታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ንጽጽሩ ነው። ስክሪን በሰቀላችሁ ቁጥር ተመልካቹ ቤቱ በስልኩ ካየው ፊልም ጋር ያወዳድራችኋል። በዚያ ውድድር አታሸንፉም። ቴአትር የሚያሸንፍበት ሌላ ሜዳ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ የወጣው «የጦር ፈረስ» የተባለው ተውኔት ለዚህ ምስክር ነው። ፈረሶቹን የሠሯቸው ሀንድስፕሪንግ የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ አሻንጉሊት ሠሪዎች ናቸው። ከሸምበቆና ከስስ ጨርቅ የተሠራውን አንድ ፈረስ ሦስት ሰው ይይዘዋል። ተመልካቹ ሰዎቹን በግልጽ ያያቸዋል። ግን ፈረሱ ሲተነፍስ ያምናል። ዋናው ነገር ትንፋሹ ነው። እኛም ብንሆን ለዚህ እንግዳ አይደለንም። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት መድረክ ላይ ያወጡት አውሬዎችን ነበር፤ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን። እሱም ከተረት ወደ መድረክ የመጣ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ፕሮጀክተር አልነበረም። ተመልካቹ ግን ነገሩ ስለ ማን እንደሆነ በደንብ ስለገባው ተውኔቱ ታገደ።

ስለዚህ ዘንዶው ሙሉ አካሉ አይታይ። በከበባው ክፍል ከሐይቁ ሥር ነው ያለው፤ እዚያው ይቆይ። ስድስት ተዋንያን፣ አንድ ጣቃ የተቀለመ አቡጀዲና ከበሮ በቂ ናቸው። ጨርቁ በዝግታ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ስድስቱ አብረው ይተነፍሳሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ልምምድ ለዚህ ትንፋሽ ብቻ ስጡት። እንደ ቀላል አትዩት፣ ከቃለ ተውኔቱ ይልቅ ጊዜ የሚወስድባችሁ ይህ ነው። የአንዱ ትንፋሽ ከሌሎቹ ከቀደመ ጨርቅ ይሆናል።

ጦርነቱን ከበሩ ውጭ አድርጉት። እኛ በሩ ውስጥ ነን፣ እንሰማለን። ፉከራውና ቀረርቶው ከሩቅ ይጀምራል፣ ይቀርባል፣ ድንገት ይቋረጣል። ከዚያ በር ይንኳኳል። ሃያ ሰው ዱላ ይዞ ከሚጋጭ ያ ዝምታ ይበልጥ ያስፈራል። የሚታይ ፍልሚያ የግድ ከሆነ በሁለት ሰው ይሁን፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተቆጥሮ በዝግታ ይለመድ። እውነተኛ ስለት በፍጹም፤ የደነዘዘም ቢሆን አይግባ። አዳራሽ ውስጥ ክፍት እሳትም አይነድ። ጨርቅና መጋረጃ ባለበት ቦታ ችቦ ማብራት ወንጀል ነው ብዬ ነው የማስበው።

ሌላ ጥንቃቄ፣ ለሀዋሳ በተለይ። በይዘታችሁ ላይ ለሐይቁ ነገድ «እንደ ቄጣላ ያለ ጭፈራ» ብላችኋል። ቄጣላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላ ጭፈራ ነው፤ የመድረክ ማስዋቢያ አይደለም። ፍቼ ጫምባላላ ሕያው በዓል ነው፤ ዩኔስኮም በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል። አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የጨፈሩት ነው። እሱን ለምናባዊ ነገድ አልብሳችሁ፣ ያውም በመጽሐፉ ውስጥ ከዳተኛ ለሆነው ነገድ፣ ብታወጡት ሰው ቢያዝን ይፈረድበታል? ከሽማግሌዎች ጋር ሳትመክሩ አትንኩት። ለምናባዊ ነገድ ምናባዊ ዜማ ፍጠሩለት። 11 ሰው ጭብጨባና የእግር ምት ይዞ ብዙ ነገር ይፈጥራል።

ስለ ቃለ ተውኔቱ ሁለት ነገር ብቻ። አንባቢ ስም ከጠፋበት ገጽ ይመልሳል፤ ተመልካች የሚመልሰው ነገር የለም። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከአራት በላይ አዲስ ስም አታሰሙ። የቀሩትን በሥራቸው ጥሯቸው፤ በረኛው፣ የጦር አዛዡ፣ ወፍጮ ቤቷ ሴትዮ። ሁለተኛ፣ የመጽሐፉን ንግግር እንዳለ አትገልብጡ። በገጽ ላይ የሚያምር ረጅም ዓረፍተ ነገር ተዋናይ አፍ ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማዕረጉን በአጠራሩ አሳዩ። አዛዡ ልጁን ንጉሥ እስከ መጨረሻው ድረስ «እርስዎ» ይበለው፣ ምስጢሩ በወጣ ቅጽበት ወደ «አንተ» ይለፍ። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አሁን ፈቃዱ። ደራሲው በስልክ «ሥሩት» ማለቱ ደስ ይላል፣ ግን አይበቃም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ መቀየርም ሆነ ለሕዝብ ማቅረብ የደራሲው መብት ነው። መብቱ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ይቆያል፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት። በጽሑፍ ተፈራረሙ። የትኛው ቅጽ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደምታሳዩ፣ ከመግቢያ ከሚገኘው ለእሱ ምን እንደሚደርስ፣ የተውኔቱ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ይስፈር። ምን ያህል መቀየር እንደምትችሉም ይጻፍ። ይኼኛው ይበልጥ ያጣላል፤ ደራሲው ሥራው ተዛብቷል ብሎ የመቃወም መብት አለው። እናንተ ደግሞ ሦስት ቅጽ ልትጥሉበት ነው። መጽሐፉን ያሳተመው ድርጅት ካለ ውላቸውን ይመልከት፣ የመድረክ መብቱን ለሌላ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። መግቢያው ነፃ ቢሆንም ይህን አትዝለሉ።

አዳራሹ እንግዲህ። ጉዱማሌ ያምራል፣ ፈተናውም እሱ ነው። ሐይቅ ያለበት ታሪክ ሐይቅ ዳር ማሳየት ማንንም ያጓጓል። ግን ነፋሱ ድምፅ ይወስዳል። ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ትጠልቅና ቶሎ ይጨልማል፤ ቀን ብርሃን ላይ ጀምራችሁ ጨለማ ውስጥ ትጨርሳላችሁ። ሀዋሳ ዝናቡም ረጅም ወራት ይቆያል። ማይክ ካደረጋችሁ ደግሞ ሹክሹክታውና ትንፋሹ ይበላሻል። የሲዳማ ባህል አዳራሽ ለትልቅ ጉባኤና ለሙዚቃ ዝግጅት ጥሩ ነው። ለአንዲት ሴት ምስጢር ግን ይሰፋል። ከ150 እስከ 200 ሰው የሚይዝ የትምህርት ቤት አዳራሽ ፈልጉ። ወንበሩን በሦስት በኩል አድርጉት፤ ተመልካቹ ራሱ የከተማዋ ግድግዳ ይሁን። ደጋግማችሁ አሳዩ። በትልቁ አዳራሽ ለአንድ ቀን ከማሳየት በትንሹ አምስት ቅዳሜ ማሳየት ሥራችሁን ያሻሽለዋል።

ከ11ዳችሁ አንዱ መድረክ ላይ አይውጣ። ጽሑፉን ይዞ ልምምዱን የሚከታተል፣ የዕቃውንና የመግቢያ መውጫውን ነገር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አማተር ቡድን ሁሉም መድረክ ላይ መውጣት ይፈልጋል፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚበጠበጠውም በዚህ ነው። ሰባት ሰው ዋና ዋናዎቹን ይያዝ፣ ሦስቱ ሕዝቡን። ዘንዶው ሲመጣ ከሰባቱ ሦስቱ ተጨምረው ስድስት ይሆናሉ፤ አለባበሳቸው ለዚህ በሚመች መንገድ ይሰፋ።

ጽሑፉን አንድ ሰው ይጻፈው። በጋራ መወያየት ጥሩ ነው፣ በጋራ መጻፍ ግን ሰባቱን ነገድ መልሶ ያስገባባችኋል፤ እያንዳንዱ የሚወደው ገጸ ባሕርይ አለውና። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ፣ ልምምድ ሳትጀምሩ፣ መጽሐፉን ያላነበቡ አምስት ሰዎች ሰብስቡ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» አትበሉ። ታሪኩን መልሰው ይንገሯችሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ጻፉ። የሳቱት ቦታ ላይ ትዕይንቱን አስተካክሉ። ጭራሽ ያልጠሩትን ገጸ ባሕርይ ደግሞ አውጡት።